ከሺሞን ጣሪያ ላይ የተከልነው አቀባይ

የእኛ ሽማግሌዎች መርቀው ብቻ አይለቁም። ሌላው ሕዝብ እንዴት እንደሚመርቅ አላውቅም፤ የእኛዎቹ ግን «እግዚአብሔር ያክብርህ» ብለው አፋቸውን ሳይገጥሙ እጃቸው ኮሌታህ ላይ ነው። ያጋደለውን ያቃናሉ፣ የተፈታውን ይቆልፋሉ። ልጅህን ይመርቁልህና ካልሲው መገልበጡን ያዩልሃል። አዲስ ቤት ስትገባ ደጃፉን ባርከው፣ አልጋህን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርገውልህ ይሄዳሉ። አንተ ምን ትላለህ? «አሜን» ትላለህ፤ ከሄዱ በኋላ አልጋውን ወደ ቦታው ትመልሳለህ። እኔም ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ይህን ዓመል አሳምሬ የማውቀው ይመስለኝ ነበር። ለካ የማውቀው ለአልጋና ለኮሌታ ብቻ ኖሯል። ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃም እንደሚሠራ የተማርሁት በኋላ ነው።

ነገሩ የሆነው እዚሁ እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ከተማ፣ ካርሜ ጋት የሚባለው አዲሱ ሰፈር ገና ክሬንና አቧራ በነበረበት ጊዜ ነው። እኛ የምንኖረው በአሮጌው ሰፈር፣ ባለ አራት ፎቅ ሆኖ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ነው። ከእኛ በስተምሥራቅ የሺሞን ሕንፃ አለ። ሺሞን የዚያ ሕንፃ ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣ የጣሪያው ቁልፍ ጠባቂ፣ የደረጃው መብራት ተቆጣጣሪ ነው። ከሺሞን ሕንፃ ባሻገር ደግሞ ማትናስ የምንለው የሰፈሩ የባህል ማእከል ይገኛል። ማትናሱ ጥሩ ኢንተርኔት ነበረው፤ ኃላፊዋም ደግ ሴት ነበረችና የሰፈሩ ሰው በነፃ ይጠቀምበት ብላ ፈቀደች። ለሰፈሩ ሁሉ ደረሰ፤ ለእኛ ሕንፃ ብቻ ሳይደርስ ቀረ። የሺሞን ሕንፃ መሐል ላይ ተገትሮ ሞገዱን በደረቱ ይመልሰዋል።

«ታዲያ ለምን የራሳችሁን አታስገቡም?» ትሉኝ ይሆናል። ወጣቱማ አስገብቷል። የቀሩት አረጋውያኑ ናቸው። የስልክ ኩባንያ ሲደውልላቸው በዕብራይስጥ የሚወርድባቸውን የቃል ዶፍ በትዕግሥት ያዳምጡና በመጨረሻ «ቤሴደር» ይላሉ። ቤሴደር ማለት እሺ ማለት ነው። በዚህች አንዲት ቃል የተነሣ ያላዘዙት ዕቃ በራቸው ላይ የተራገፈባቸው ስላሉ፣ ከዚያ ወዲህ ውል የሚባል ነገር ከተነሣ ሁሉም ስልኩን መዝጋት ለምደዋል።

ከእነዚህ አንዱ አባ ተገኘ ናቸው። ሰማንያ ዓመት ደፍነዋል፤ ሚስታቸው ሞታባቸው፣ ልጆቻቸው ሌላ ከተማ ገብተው፣ ምድር ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ውዴ የምትባል ታናሽ እህት አለቻቸው። እሳቸው ሲመጡ የእሷ ወረቀት አልደረሰም፤ ጎንደር ሆና ተራዋን ትጠብቃለች። ከተለያዩ አሥር ዓመት ሊሞላቸው ነው። በኅዳር ግድም የምናከብረው የስግድ በዓል ባለፈ ሰሞን ታዲያ የውዴ ዓይን እየደከመ መሆኑ ተሰማ። ሐኪሙም የቀረው ብርሃን ብዙ እንደማይቆይ ነግሯታል። ውዴ በልጅ ልጇ ስልክ አንድ መልእክት ላከች፦ «ዓይኔ ሳይጠፋ የወንድሜን ፊት ልይ።» ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

ለአባ ተገኘ ልጃቸው የገዛችላቸው ታብሌት አለ። የሌላቸው ኢንተርኔት ነው፤ ምድር ቤት ስለሆኑም ስልክ እንኳ የሚይዝላቸው መስኮት ሥር ቆመው፣ ያውም ድምፅ ብቻ ነው። «ማትናስ ልውሰድዎ፤ ወይ እኔ ቤት ፎቅ ይውጡና ይዩዋት» አልኋቸው። ቅር አላቸው።

«እህቴን በሰው ቤት ተቀምጬ ላያት? ማልቀሴ አይቀርም ማሩ፤ በራሴ ወንበር ላልቅስ እንጂ። ደግሞስ ቤቴን ሳታይ ደኅና መኖሬን በምን ታምናለች?»

ይህን ለኦስናት ነገርኋት። ኦስናት የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ እዚሁ ተወልዳ፣ ወታደር ቤት በመገናኛ ክፍል አገልግላ፣ ያን ጊዜ በኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ቴክኒሻን ነበረች። እኔም እዚያው ቀጠና፣ ሌላ ፋብሪካ ውስጥ፣ የማሸጊያ መኪና ጠጋኝ ነኝ። መኪና ሲቆም አስነሣለሁ፤ ስለ ሞገድ ግን የማውቀው የጣናን ብቻ ነው። ኦስናት ነገሩን ሰምታ መስኮቱ ጋ ሄደች፣ የሺሞንን ሕንፃ ሽቅብ አየችና «እዚያ ጣሪያ ላይ ሪፒተር እንሠራለን» አለች። ሪፒተር ማለት ከማትናሱ የሚመጣውን ሞገድ ተቀብሎ ለእኛ የሚያቀብል ዕቃ ነው። እኔ «አቀባይ» አልሁት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ያደግን ሰዎች መረብ አያስፈራንም።

ያስፈራን ሺሞን ነው። ሄደን ለመንነው። ጣሪያውን ወዲያው ፈቀደ፤ መብራቱን ግን ከለከለ። «ከደረጃው መብራት ሽቦ አይቀጠልም። ዛሬ ለእናንተ ከፈቀድሁ ነገ ሁሉም ሊቀጥል ነው» አለን። እውነቱን ነበር፤ እኔ ግን ደጃፉን ሳልለቅ ቂሜን ቋጠርሁ። ኦስናት አልተናደደችም። ደረጃውን እየወረደች «ፀሐይ ኮሚቴ የላትም» አለችኝ።

እንዲህ ሆኖ በፀሐይ የሚሠራ አቀባይ ልንገጣጥም ተነሣን። የፀሐይ ሰሌዳውን ኦስናት ከምታውቀው ሰው አመጣችው፤ ቁመቱ የትልቅ ትሪ ያህል ነው። ባትሪው ከተነቀለ የሌባ መጠቆሚያ ደወል የተገኘ፣ እንደ ድንጋይ የሚከብድ ነው። ባትሪው ከልክ በላይ እንዳይሞላና እንዳይራቆት የሚቆጣጠር ትንሽ መሣሪያ ነበረን፤ እሱንና ሬዲዮውን ዝናብ በማያስገባ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ከተትናቸው። ምሰሶ ስንፈልግ ከጣሪያው ጥግ የተጣለ የውሃ ማሞቂያ አገኘን፤ በርሜሉ ዝጓል፣ የብረት እግሩ ግን ጤነኛ ነበር። እሱን ቆርጬ ያቆምሁት እኔ ነኝ፤ በዚህ ሥራ ውስጥ የምኮራበትም ይኸው ነው። ኦስናት ነጯን አንቴና ወደ ማትናሱ፣ ሰሌዳውን ወደ ደቡብ አድርጋ አሠረች። ሰሌዳውን በእጅ በሚጠብቅ ብሎን ብቻ ነው የያዘችው፤ በጋ ሲመጣ ጋደል ለማድረግ እንዲመቻት ብላ ነው። ለአባ ተገኘም መስኮታቸው ላይ አንዲት ትንሽ መቀበያ ለጠፈችላቸው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሥራው አለቀ። የእኛ ሰው ያልተመረቀ ነገር አይጀምርምና አባ ተገኘ አራቱን ፎቅ በየእርከኑ እያረፉ ወጡ። መረቁት። ረጅም ምርቃት ነበር፤ ማትናሱንም፣ ሺሞንንም፣ የመረቁት ያልመሰላቸውን ሁሉ ደግመው መረቁ። ከዚያ ዕቃውን ዞር ዞር ብለው አዩና «ፊቱ የትኛው ነው?» አሉ።

«ጥቁሩ ነዋ አባ» አለች ኦስናት፣ መፍቻዋን እየሰበሰበች።

ራሳቸውን ነቀነቁና ዝም አሉ። እኔ ዝምታቸውን እንደ እርካታ ቆጠርሁት።

ዓርብ ሕንፃችን በደስታ ሰከረ። ሰንበት አልፎ ቅዳሜ ማታ ደግሞ ከየቤቱ «ይሰማል? ትሰማኛለህ?» የሚል ጩኸት ይወጣ ጀመር። የእኛ ሰው ጎንደር ሲደውል የሚጮኸው መሣሪያውን ስለማያምን አይደለም፤ ርቀቱን ስለሚያከብር ነው። የአባ ተገኘ ቀጠሮ እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ የውዴ የልጅ ልጅ ሥራ የማይገባው እሑድ ብቻ ስለሆነ። እሳቸው ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ታብሌቱን ከስኳር ጣሳ ጋር አስደግፈው ተቀመጡ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ታብሌቱ ላይ አንዲት ክብ ነገር ዞረች። ዞረች፣ ዞረች። እሑድ እዚህ የሥራ ቀን ነውና ኦስናት ሥራ ላይ ነበረች፤ እኔ ፈቃድ ወስጄ አጠገባቸው ብቀመጥም የዚያን ጊዜ የያዝሁት ቁልፎች ያሉት አሮጌ ስልክ ነው፣ ከመደወል ሌላ አይችልም። «እኔ ቤት ይውጡ» ብላቸው አሁንም እምቢ አሉ፤ በመጨረሻ በእሱው ደወልንና አባ ተገኘ መስኮቱ ሥር ቆመው አናገሯት። «ለሚመጣው እሑድ ይሁን» አሏት። ውዴ ምን እንዳለች የሰማሁት ስልኩ ድምፅ ስለሚያወጣ ነው። «እኔ እጠብቃለሁ ወንድም ዓለም። ዓይኔ ግን ይጠብቅ እንደሆነ አላውቅም» አለች።

አባ ተገኘ ከረባታቸውን ፈቱ። እኔ መሬት መሬት እያየሁ ወጣሁ።

ማታ ኦስናት ነገሩን ከስልኳ ላይ መረመረች። «ሶሌላው ሞቷል ጋሼ ማሩ፤ ኃይል አልያዘም» አለችኝ። ሶሌላ የምትለው ባትሪውን ነው። በማግስቱ ሌላ የተሞላ ባትሪ አመጣችልኝና ከሥራ ስወጣ ቁልፉን ከሺሞን ሚስት ተቀብዬ ተሸክሜው ወጣሁ። በዚህ ወቅት ቀኑ አጭር ነው፤ ጣሪያው ላይ ስደርስ ጨልሞ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ሣጥኑን ብቻ በባትሪ መብራት እያየሁ አሮጌውን አውጥቼ አዲሱን አስገባሁና ወረድሁ። ቀና ብዬ ብመለከት ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራኋችሁ ነበር።

ማክሰኞ ሠራ። ረቡዕ ሠራ። ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ሞተ።

ያን ጊዜ ሺሞንን ጠረጠርሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ጠርጥሬ ነው የተመነጠርሁት። መብራት የከለከለን ሰው ሽቦ ቢነቅልስ? ቁልፉ ያለው በእጁ አይደለም ወይ? ዓርብ ጠዋት ሥራ ስለሌለኝ በሩን አንኳኳሁና ቁልፉን ጠየቅሁት፣ ፊቴን ቋጥሬ።

«ቁልፉማ ከሽማግሌው ጋር ነው» አለኝ። «በየጠዋቱ ሊጸልዩ ይወጣሉ። እንዴት እምቢ እላለሁ? ቀዝቃዛ መሬት ላይ እንዳይቆሙ ብዬ ወንበርም አወጣሁላቸው።»

ፊቴን የቋጠርሁበትን ክር ለመፍታት አራት ፎቅ ፈጀብኝ። ስወጣ አባ ተገኘ ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመዋል፤ አጠገባቸው የሺሞን ወንበር አለ፣ ወንበሩ ላይ የሺሞን ሚስት ሻይ። የፀሐይ ሰሌዳችን ደግሞ ከጎናቸው፣ እሳቸው ወደሚያዩበት ዞሯል። የዚያ ጣሪያ የውሃ ማሞቂያዎች ሁሉ ተሰልፈው ወደ ደቡብ ያያሉ። የእኛ ብቻ ወደ ምሥራቅ፣ ከምሥራቅም ትንሽ ወደ ሰሜን ያያል። ኢየሩሳሌም በዚያ በኩል ናት።

«ጀርባውን ለኢየሩሳሌም ሰጥታችሁት ሄዳችሁ እኮ» አሉኝ፣ ነውራችንን እንደሚሸፍን ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ልጆች ናችሁ፣ አልፈርድባችሁም። እኔ ባለፈው ዓርብ ጠዋት አቃናሁት። ነፋስ እንዳያዞረውም በየቀኑ አየዋለሁ።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። ከጎንደር እስከዚህ ድረስ፣ ሲተኙም ሲነሡም ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም ሲመልሱ የኖሩ አዛውንት ናቸው። «ተሳስተዋል» በየትኛው አፌ ልበላቸው? ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ብዬ በዙሪያው ጀመርሁ።

«አባ፣ አገራችን በብርድ ጠዋት ሽማግሌዎቹ የት ነበር የሚቀመጡት?»

«ከግድግዳው ሥር ነዋ፣ ፀሐይ ከሚመታበት።»

«ፀሐይ ስትዞርስ?»

«ይዞራሉ።»

«እንግዲህ…» አልሁና ሰሌዳውን እያየሁ ትርጉም ባለው ዝምታ ዝም አልሁ።

«እውነትህን ነው፤ ብርድ ክፉ ነው» አሉና የጋቢያቸውን ግማሽ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ።

በአንድ ጋቢ ተጠቅልለን ሳለን ኦስናት ወጣች። አንዴ ሰሌዳውን፣ አንዴ እኛን አየች። ትከሻቸውን ሳመችና አጠገባቸው ቆመች።

«አባ፣ ይህ ዕቃ የሚበላው ፀሐይ ነው። ፀሐይዋ የምትውለው በዚያ በኩል ነው። ወደዚህ ካዞሩት ጠዋት ትንሽ ይቀምስና ይራባል። ባለፈው እሑድ ውዴን ያላዩዋት ለዚህ ነው። ዛሬ ካልመለስነው ከነገ ወዲያም አያዩዋትም።»

ጣሪያው ተከፍቶ ቢውጠኝ ወደድሁ። አባ ተገኘ ወደ ሰሌዳው ዞሩ።

«እኔ ነኛ የከለከልኋት?»

«አዎ አባ» አለች ኦስናት። ቀጥላም ነጯን አንቴና አሳየቻቸው። «ይህቺ ግን ከመጀመሪያው ወደ ኢየሩሳሌም ነው የምታየው። ማትናሱ በዚያው በኩል ስለሆነ። እሷን አንነካትም።»

አባ ተገኘ አንቴናዋን አዩ፣ ምሥራቁን አዩ። «ወደ ኢየሩሳሌም የጸለይሁት ምን ብዬ ነው?» አሉ ለራሳቸው። «ውዴን አሳየኝ ብዬ አይደል።» ከዚያ ብሎኑን ራሳቸው ፈቱና ሰሌዳውን ወደ ደቡብ አዞሩት። እኔም ከሕፃንነቴ ጀምሮ አክብሮት እያልሁ የተሸከምሁት ዙሪያ ጥምጥም ሁሉ፣ ለእሳቸው ከአንዲት ቀጥተኛ ዓረፍተ ነገር ያነሰ መሆኑን በዚያ ጣሪያ ላይ አየሁ።

ዓርብ ፀሐይ ወጣች። ቅዳሜ ጠዋት ግን ደመና ሆነ። ሰንበት ነውና ማንም ስልኩን ከፍቶ ባትሪው ምን ያህል እንደሞላ ሊያይ አይችልም። ሕንፃው ሁሉ፣ ምን እንደሚጠብቅ ሳይነጋገር፣ በመስኮት ሰማይ ሰማይ ሲያይ ዋለ። ከምሳ በኋላ ደመናው ተገፈፈ። ፀሐይ ሰንበት ላይ በመሥራቷ የሚከሳት የለም፤ እኔ በበኩሌ አመሰገንኋት።

እሑድ ኦስናት ፈረቃዋን ቀይራ መጣች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ታብሌቱ ላይ መጀመሪያ የታየን አንድ ዓይንና የነጠላ ጥለት ነው። ውዴ ስልኩን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ ነበር።

«ወንድም ዓለም?»

«ነኝ።»

«ሸብተሃል።»

«አንቺስ?»

«እኔን ተወኝ። ባርኔጣህን አውልቅና ቀና በል።»

አወለቁ። ቀና አሉ። ውዴ ግንባራቸውን፣ ቅንድባቸውን፣ አገጫቸውን፣ እንደ ደብዳቤ መስመር በመስመር አነበበቻቸው። ያለቀስሁት እኔ ነኝ እንጂ ሁለቱም አላለቀሱም። አባ ተገኘ ተነሥተው ቤታቸውን አሳዩዋት፤ አልጋውን፣ ከፍተው ማቀዝቀዣውን፣ የውሃውን ቧንቧ። ውዴ ሁሉንም «ተመስገን» እያለች አየች። ከዚያም እንዲህ አለች፦

«ፊትህን አየሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን ኢየሩሳሌምን አሳየኝ።»

ከእኛ እስከ ኢየሩሳሌም በአውቶቡስ ከሰዓት በላይ ነው። ለውዴ ግን አሥር ዓመት ሙሉ ወንድሟ ያለው ኢየሩሳሌም ነው፤ አገሩ ሁሉ ኢየሩሳሌም ነው። እኔ ኦስናትን አየኋት፤ በሽማግሌ ፊት እውነቱን የምትናገረው እሷ ናትና። ከንፈሯን ልትከፍት ብላ መልሳ ገጠመችው። ሄዳ የመስኮቱን መዝጊያ ወደ ላይ ሳበችው።

አባ ተገኘ ታብሌቱን በሁለት እጃቸው ይዘው መስኮቱ ጋ ቆሙ። ከመስኮታቸው የሚታየው የሺሞን ሕንፃ ነው። ሰንበት አልፎ ፀሐይ ስለወጣ የሺሞን ሚስት አንሶላዎቿን ሁሉ በረንዳው ላይ አስጥታለች።

«በዚህ በኩል ናት» አሉ አባ ተገኘ። አልዋሹም።

ውዴ ስልኩን ይበልጥ አስጠግታ አየች። አንሶላዎቹ በነፋስ ቀስ ብለው ይነሡና ይወድቁ ነበር።

«ነጭ ናት» አለች።

«አዎ» አሏት።

ከዚያ ስልኩ ተገለበጠና የቆርቆሮ ጣሪያ ብቻ ታየን። የልጅ ልጇ በሹክሹክታ «ምድር ስማ እየሰገደች ነው፤ ትንሽ ጠብቁን» አለ። ጠበቅናቸው። ባትሪውም ጠበቀ።

የውዴ ዓይን የአገር ቤት ክረምት ሳይገባ ጠፋ። በጎንደር ለጎረቤቶቿ ሁሉ ኢየሩሳሌምን በዓይኗ ማየቷን እንደምትነግር፣ የሚያስተባብላትም እንደሌለ እንሰማለን። እኔም ስለ ጣሪያው፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ሻዩ፣ ሌላው ቀርቶ ስለ ከለከለን መብራት ሺሞንን ሄጄ ከልቤ አመስግኜዋለሁ። ስለ አንሶላዎቹ ግን እስከ ዛሬ አልነገርሁትም።